የእመት ሙሚና ዱዓ

ባሌ ሙሀመድኑር ከጦሩ ሻምበል ሆኖ ተመለሰ፤ የክልል ምክር ቤት ገባ፤ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ደግሞ ፓርላማ አማረው። እንዲያውም ከእሱ ይልቅ የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ። የምንኖርበት ከሚሴ ከእኛ ጋር ነው፤ የቀረን የሰንበቴ ከተማ ነው። የሰንበቴ ሰው ደግሞ ዱዓቸው ይሰምራል የሚላቸው አሮጊት፣ እመት ሙሚና የመረቁትን ይመርጣል።

የእመት ሙሚና ልጅ አንዋር ባድሜ ላይ በሙሀመድኑር ሥር ወታደር ነበር። መድፍ ሲያገኘው ሙሀመድኑር በዓይኑ አይቷል፤ የሚቀበር ነገር አልተረፈም። መርዶውን ይዞ ሲመጣ ግን የእናትን ፊት መቋቋም አቅቶት፣ «በእጄ ቀበርኩት፤ ፊቱን ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አዙሬ አስተኛሁት» አላቸው። እውነቱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

እሑድ የሰንበቴ ገበያ ሳይበተን ከዳር ካለው ግራር ሥር ተሰበሰብን። መዳፍ ሁሉ ተዘረጋ፤ እመት ሙሚና ዱዓውን ያዙ።

«ያ ረቢ! ልጄን ቀብሮ፣ ለቂብላ ያስተኛልኝን ይህን ሰው ከፍ አድርግልኝ!»

በእኛ ደንብ ቀድሞ አሚን የሚለው የተመረቀው ሰው ነው፤ ሕዝቡ እሱን ይከተላል። ሙሀመድኑር ዝም አለ። በውሸት ላይ አሚን ማለት እንደከበደው ገባኝና ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት የተሸከመውን ውሸት፣ በዛሬ ቀን ሊጥለው? በክርኔ ጎሰምኩት። ሰዉ መተያየት ጀመረ።

«ምነው ልጄ፣ ዱዓዬን ጠላኸው?» አሉ እመት ሙሚና።

«እናቴ፣ አንዋርን አልቀበርኩትም።»

አለቀልን አልኩ። የእሳቸው ፊት ግን በራ።

«ወላሂ በል!»

«ወላሂ አልቀበርኩትም። ግን እናቴ...»

«ታዲያ አልሞተማ! ኢልመ ኮ! ልጄ ተማርኮ ነው እንጂ አልሞተም!» እልልታቸውን አቀለጡት፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው። መዳፋቸውን እንደገና ዘረጉ። «ያ ረቢ! ይህን ሰው ትልቁ ወንበር ላይ አስቀምጥልኝ፤ ልጄንም በእሱ እጅ አስፈታልኝ!»

ዓይን ሁሉ ባሌ ላይ አረፈ። አሁን እጅጌውን ጨምድጄ የያዝኩት አሚን እንዳይል ነበር። ምርጫው ይቅርብን፤ ብቻ እውነቱን ይንገራቸው ብዬ አላህን ለመንኩ።

«አሚን» አለ ሙሀመድኑር። ግራሩ ሥር ያለው ሁሉ «አሚን!» ብሎ አስተጋባ።

ሰንበቴ ነቅሎ ወጥቶ መረጠው። እሱ አሁን አዲስ አበባ ነው። እመት ሙሚና በየሳምንቱ ከሚሴ ድረስ እየመጡ «ከልጄ ወሬ አለ?» ይላሉ፤ በሩን የምከፍትላቸው እኔ ነኝ።