ጩቤ ከአራት አይበልጥም

ማርሊስ ትቬት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ኦሪን ቤት ስትደርስ፣ ጫማ ማውለቁ እንኳ ተራራ ሆኖባት ነበር። ዱሉዝ ከተማ ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት፤ በዚያ ሳምንት አምስት ቀን ሙሉ ቆማ ነው የዋለችው። በረዶውን አራግፋ ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ ሁለቱ ወዳጆቿ ምግብ በቀረበበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰይመዋል።

«መጣች፣ በራብ ፈጅታን!» አለ ክሌተን። ወደብ ላይ የብረት ማዕድን መርከብ ይጭናል፤ ምላሱ ከክንዱ ይፈጥናል። «ሽፍቶቹም ጥበቃ ሰልችቷቸዋል።»

«ሰልችቷቸው ከሄዱማ እሰየው፤» ብላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

ሦስቱ በምናብ የሚጫወቱት የጀግኖች ጨዋታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ጡረታ የወጣው የሂሳብ መምህር ኦሪን ታሪኩን ይመራል፤ ዋሻውም፣ ሽፍታውም፣ ዘንዶውም እሱ ነው። ሁለቱ ደግሞ በዚያ ዓለም አንዳንድ ጀግና አላቸው። የማርሊስ ጀግና ቶርካ ትባላለች፤ ባለ መጥረቢያ ተዋጊ። ውጊያ ሲነሳ ዳይስ፣ ገጾቹ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር፣ ይጣላል። ምቱ ካገኘ፣ የጉዳቱ መጠን እንደ መሣሪያው ነው፤ ለጩቤ ባለ አራት ገጽ ዳይስ፣ ለሰይፍ ባለ ስምንት፣ ለትልቅ መጥረቢያ ባለ አሥራ ሁለት። የወጣው ቁጥር ከተመታው የሕይወት ነጥብ ላይ ይቀነሳል። ነጥቡ ዜሮ እስኪገባ ድረስ ሰውየው ምንም እንዳልሆነ ይዋጋል።

በዚያ ቀን ሽፍቶቹ የጠበቋቸው ድልድይ ላይ ነበር።

«ጩቤውን ጎንሽ ላይ ሻጠው፤» አለ ኦሪን ዳይሱን አይቶ። «ሦስት።»

ማርሊስ ወረቀቷ ላይ ከቶርካ ሠላሳ አንድ ነጥብ ሦስት ቀነሰች።

«ደገመሽ፣ ሆድሽ ላይ። ሁለት። አሁን ደግሞ አንገትሽ ሥር... አራት!»

«ኧረ ሴትዮዋ ወንፊት ሆነች!» ክሌተን ሳቀ። «ሃያ ሁለት ነጥብ ያላት ወንፊት!»

ማርሊስ እርሳሷን አስቀመጠች። «አንገት ሥር የገባ ጩቤ አራት ነው?»

«ጩቤ ከአራት አይበልጥም፤ ታውቂው የለ እንዴ?»

«ማክሰኞ አንድ ሰው አመጡልን። የተወጋው በዓሣ ቢላዋ ነው፤ ስለቱ ጣቴን አያህልም። አንድ ጊዜ ነው የተወጋው፣ ኦሪን። አንድ ጊዜ። እጄን ቁስሉ ላይ ጭኜ አርባ ደቂቃ ቆየሁ።»

ክሌተን ሹካውን ቀስ ብሎ አኖረ። «አልተረፈም?»

«አልተረፈም። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዛ፣ ‹ትንሽ ቢላዋ እኮ ናት› ትለኛለች።»

ኦሪን መነጽሩን አወለቀ፤ ሲጨንቀው ወደ ሂሳብ የሚሸሽ ሰው ነው። «ከፈለግሽ ደንቡን እንቀይረው። ጩቤም በአሥራ ሁለት ይሁን።»

«ከዚያማ ሁላችንም ድልድዩ ላይ አለቅን፤» አለ ክሌተን፤ ድምፁ ግን ቀልድ አልነበረውም።

«ነጥቡ ደም አይደለም፤» አለ ኦሪን። «እኔ ድካም ነው የምለው። አብዛኛው ምት አካልሽን አያገኝም፤ ስትከላከይ፣ ዘወር ስትይ፣ የሚያልቀው ትንፋሽሽ ነው። የሚገድለው የመጨረሻው ብቻ ነው። ሆድሽን፣ አንገትሽን እያለ የለፈለፈው የእኔ አፍ ነው። ይቅርታ።»

ማርሊስ ወረቀቷ ላይ ያለውን ቁጥር አየች። «ድካም ከሆነማ ሃያ ሁለት ውሸት ነው። ሁለት እንኳ የለኝም።» ቀጥላም፣ «ቶርካ መጥረቢያዋን ትጥላለች፤» አለች።

«ምን ነካሽ? ይገድልሻል!» ክሌተን ብድግ አለ።

«ይግደላት። ድልድዩ ላይ ቁጭ ትላለች። ከእንግዲህ ሰው መምታት አትችልም።»

ኦሪን መጽሐፉን አገላበጠ፤ ለዚህ የሚሆን ደንብ አላገኘም። ዳይሱን ጣለ፤ አየው፤ ወዲያው በመዳፉ ሸፈነው።

«ሽፍታው ጩቤውን አወረደ፤» አለ። «አጠገብሽ ተቀመጠ። ‹እኔም ከጧት ጀምሮ ቆሜያለሁ› ይልሻል።»

«ስንት ወጣ?» አለ ክሌተን።

«አያገባህም።»

ማርሊስ ሳቅ ጀመራት፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ክሌተን ትከሻዋን ያዝ አድርጎ ሶፋው ላይ አጋደማትና ካፖርቱን አለበሳት። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ሁለቱ ወንዶች ዳይሱ እንዳይንኳኳ የታጠፈ ፎጣ ላይ እየጣሉ፣ በሹክሹክታ ውጊያውን ቀጠሉ።

ስትነቃ ክሌተን ጀግናው ተማርኮ፣ ፊቱን ጥሎ ተቀምጧል። «ያንቺ ሽፍታ ብቻ ነው ጨዋ፤» አላት። «የቀሩት ጠፍረውኛል።»

ሰኞ ማርሊስ ሥራዋ ላይ ነበረች። ሳምንቱም ከቀድሞው አልቀለለም። ኦሪን ግን ከዚያ ወዲህ ምት ሲያውጅ ቁጥሩን ብቻ ይናገራል፤ የትኛው አካል እንደተመታ አይጠራም።