የኔሪስ አገር

እትዬ ውብነሽ ሙሾውን መሐል ላይ አቋረጡት። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ቀና ብለው አዩአቸው።

«ምን ብዬ ላልቅስላት?» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «ሰው በአባቱ፣ በአገሩ ተጠርቶ ነው የሚለቀስለት። የኔሪስ አገር የት ነው? ዝም ብዬ ፈረንጅ አገር ልበል?»

የተቀበረችው ትናንት ነው። ነፋስ ስልክ፣ ጠባቧ ቅያስ ላይ ድንኳን ተጥሎ እድርተኛው ሁሉ ተሰብስቧል። ባሏ አባይነህ ጋቢውን ተከናንቦ ጥግ ካለው ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ከሞተች ጀምሮ እንባ እንቢ ብሎታል። ከኋላው ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን አብራን ኖራ፣ ወገኔ የሚላት አንድ ሰው ትጣ?»

«ተዪኝ እህቴ፣ የባዕድ ሞት አንጀት ይበላል።»

ባዕድ የምትለው ቃል ወጋችው።

«ላንቫይር ይባላል» አለ ሳያስበው። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው። «አገሯ። ዌልስ ውስጥ ያለች አንዲት መንደር ናት።»

ዐይኑን ሲጨፍን ድንኳኑ ራቀው። እንደተጋቡ ሰሞን ይዛው ሄዳለች። ጭጋጉ ከኮረብታው ወርዶ የድንጋይ ቤቶቹን ውጧቸዋል፤ የሚታየው ጣራቸው ብቻ ነው፣ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። በጎች አስፋልቱ ላይ ተኝተዋል። አውቶቡሱ እስኪነሡ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚቆጣ የለም።

«ጆንስ የሚባል ሰው መዓት ነው» አለ። «እንዳይምታታባቸው ወተት አዳዩን ጆንስ ወተት፣ ጋጋሪውን ጆንስ ዳቦ ይሉታል። እኔን አባይነህ ኔሪስ አሉኝ።»

«በሚስቱ ጠሩት!» አለች ጎረቤቱ ጸደንያ፤ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

«እሁድ መንደሩ በሙሉ ጸሎት ቤት ገብቶ ይዘምራል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሲዘምሩ ግን… እንጃ፣ ብርዱ የት እንደሚገባ አላውቅም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ባለወፍጮው ዱጉማ የሞተ ጊዜ ትዝ ይላችኋል?»

እንዴት ይረሱታል! ኔሪስ ገና አማርኛው አልገባላትም ነበር። ከሁሉ ቀድማ ደርሳ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ግቢው ውስጥ የለቀስተኛውን ሳህን ስታጥብ ዋለች። እረፊ ቢሏት፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «የኛም መንደር ሰው ሲሞት ሱቅ ይዘጋል፣ በር አይዘጋም» አለች።

«ላንቫይር ማለት ምን ማለት ነው?» ጠየቁ እትዬ ውብነሽ።

«በቋንቋቸው፣ የማርያም ቤተ ክርስቲያን።»

አሮጊቷ ብድግ አሉ። «የማርያም ሰፈር ልጅ ናታ! ምነው ወንድሜ፣ እስከ ዛሬ ደበቅኸን?» ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አደረጉና ድምፃቸውን ለቀቁት።

«የማርያም ሰፈር ልጅ፣ የጭጋጉ ማዶ፣
እንዴት ይደር ቤቱ፣ ምሰሶው ተንዶ።
በጎቹ መንገድ ዳር ይተኛሉ አሉ፣
ትመጣለች ብለው ዛሬም ደጅ ያያሉ።»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ከለቡ ሰፈር በኩል የመጣው ነፋስ የድንኳኑን ሸራ ወደ ላይ ገለጠው፤ ለአባይነህ ጭጋጉ አብሮ የገባ መሰለው። ከጭጋጉ ውስጥ እርጥብ የሱፍ ካፖርት የለበሱ ሰዎች አንድ በአንድ እየወጡ፣ ለቀስተኛውን እንዳይረብሹ ጎንበስ ብለው፣ በሴቶቹ መሐል ሲቀመጡ አየ። ጆንስ ወተት ጸደንያ አጠገብ ቦታ አገኘ። ማንም አልገረመውም፤ ማንም ማንንም ባዕድ አላለም።

«ወይኔ ኔሪስ! ወይኔ የማርያም ልጅ!» አለ ድንኳኑ ባንድ አፍ።

አባይነህ ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ። ቀኝ እጁን አንሥቶ፣ ከሩቅ መንገድ መጥቶ በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ ደረቱን ቀስ አድርጎ መታ።