የታፈረ ወንበር

ሠላሳ አንድ ሺህ ብር፣ ባለፈው ሃያ ሁለት አልነበረም እንዴ፣ መድኃኒቱ ጨምሯል እህቴ፣ ዶላሩ ነው አለችኝ የክሊኒኩ ነርስ በስልክ፣ ዶላርንና የእኔን ማህፀን ማን አገናኛቸው፣ የመጀመሪያው ሙከራ ዕቁቤን በላ፣ ሁለተኛው ጊደሯን፣ ይኼ ሦስተኛው ደግሞ ለቤት ብለን የገዛነውን ቆርቆሮ፣ አልትራሳውንዱ ለብቻ፣ መርፌው ለብቻ፣ ትራንስፖርቱ ለብቻ፣ ፅንሱ ይያዝ አይያዝ ዋስትና የለው፣ ከመቶ አሥራ አምስት ይላል ዶክተሩ፣ በፈገግታ።

ኧረ እኔስ ላም ብሆን ይሻለኝ ነበር። ሥራዬ ነዋ፣ ከብት አዳቃይ ነኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኮርማ ዘር በሞተር ጭኜ ላይ ጋይንትን ስዞር፣ ገበሬው ኮርማ በቦርሳ መጣች ይለኛል፣ ለአንዲት ላም የሚከፍለው የሻይ ዋጋ ነው፣ ቀሪውን መንግሥት ይችላል፣ እኔ ግን የባሌን ዘር አጥበው በቀጭን ቱቦ ለማስገባት፣ ያው እኔ ለላሟ የማደርገውን ለማድረግ፣ ሠላሳ አንድ ሺህ! ጥጃው ሲወለድ ደግሞ ደውለው ይመርቁኛል፣ ፍቅርተ ማህፀንሽ ይለምልም፣ አሜን እላለሁ፣ ምን ልበል።

እናትዬ ያንን ወንበር ልሙላው ይለኛል የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ሹፌር ቻላቸው፣ ሰው አለበት አልኩህ፣ ከፍያለሁ፣ የታለ ሰውዬው፣ ይመጣል፣ አንድ ሰዓት አለፈ እኮ፣ ይመጣል አልኩህ! ይመጣል ወይ? ቅደሚ መጣሁ ነበር ያለኝ ባሌ ታፈረ፣ ስልኩ ዝግ፣ ባሕር ዳር እስከ ስምንት ሰዓት ካልደረስን ሁሉም ከንቱ ነው፣ መርፌውን ትናንት ተወግቻለሁ፣ እንቁላሉ ማንንም አይጠብቅም፣ ያለ እሱ ደግሞ ምን ልሠራ እሄዳለሁ፣ የእሱን ዘር እኔ ከየት አመጣለሁ።

ታፈረ ብሎ ስም ያወጣለት ማን ነው፣ አፈረ ነበር መባል ያለበት። ችግሩ የእሱ ነው፣ ዘሩ ቁጥሩ ያንሳል ተብሎ በወረቀት ተጽፎለታል፣ ሁለት ዓመት አለፈው፣ ያን ቀን የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ለእናቴ እንዳትነግሪብኝ ብሎ አስማለኝ፣ ማልኩ፣ ጅል፣ እናቱ እማማ አመተ ሥላሴ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም በመጡ ቁጥር ያላፈራች በለስ ይሉኛል፣ ጎረቤት ፊት፣ ትናንትም መጥተው አደሩ፣ ትናንትም አሉኝ፣ እሱ ሳህኑን እያየ ይጎርሳል፣ መምህር ነኝ ይላል ደግሞ፣ ስልሳ ልጅ ፊት ቆሞ ሲጮህ የሚውል ሰው እናቱ ፊት ድምፁ የት እንደሚገባ እንጃ። ለዋጥኩለት ስድብስ ማን ደረሰኝ ይቆርጥልኛል?

ያ ማነው፣ እሱ ነው፣ ተመስገን፣ ከኋላው ያሉት... ወይ ጉዴ፣ እናቱ! ዛሬን እንኳ ማረኝ አምላኬ፣ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ነገርኳት ይላል፣ ምኑን፣ ሁሉን፣ ችግሩ የእኔ መሆኑን፣ አብሬ ካልሄድኩ አለች፣ ምን ላድርጋት። ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ቃል፣ በመናኸሪያ፣ በመስኮት፣ መኪና ሊያመልጠን ሲል! ልቆጣ ያምረኛል፣ ልስቅም፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግባ እንጂ ምን ትገተራለህ።

እማማ ጋቢያቸውን ሰብስበው ገቡ፣ የታፈረ ወንበር ላይ፣ እኔ የከፈልኩበት ላይ፣ ዘፍ፣ እሱ ከኋላ ትርፍ ሆኖ ኬሻ ላይ፣ ይቅር በዪኝ ይሉኛል ብዬ እጠብቃለሁ፣ የለም፣ ንዳ እንጂ አንተ ምን ትጠብቃለህ ይላሉ፣ ሹፌሩን ነው፣ ከንፋስ መውጫ ወጣን፣ የገብሱ ማሳ ያልፋል፣ አሁን እሳቸው አንዲት ክፉ ቃል ቢተነፍሱ እወርዳለሁ፣ ወላዲትን እወርዳለሁ፣ ጠጋ አሉኝ፣ ወደ ጆሮዬ፣ ያ የሚያደርጉሽ ነገር፣ ያማል ወይ ልጄ?

ስንት ፈጀ ያላለኝ የለም፣ ዘመዱም፣ ባንኩም፣ ባሌም፣ ያማል ወይ ያለኝ ግን... ያማል እማማ። መጀመሪያ ትንሽ ነው ይሉኛል፣ ትንሽ አይደለም፣ ያማል፣ እጃቸው ጉልበቴ ላይ ነው፣ ሻካራ፣ ከባድ፣ እንዳለ ይሁን፣ አላነሣውም።