ለዓሣ ነባሪ የወጣ እድር

ፍሪዘር ሲሠራ ያጉረመርማል፤ ሲያጉረመርም ደግሞ ያሰለቻል። ዝም ሲል ግን ልብ ያቆማል። አፀደ እሁድ ጠዋት የላቦራቶሪውን በር ከፍታ ስትገባ ሁለቱም ፍሪዘሮች ዝም ብለዋል።

የትናንቱ ነፋስ ሲያትልን ሲንጣት ውሎ ዛፉን በሽቦው፣ ሽቦውን በመንገዱ ላይ አጋድሞት ነው የሄደው። ሕንፃው ጄኔሬተር አለው፤ አለው ይባላል እንጂ እሱም ሌሊቱን ቆሟል። ፕሮፌሰሯን ኮል ብታደርግ ኖርዌይ ስብሰባ ላይ ናትና አታነሳም። ጥበቃው ደግሞ ትከሻውን ሰብቆ «ሰኞ ሰው ይመጣል» አላት። ሰኞ! ሰኞማ ምኑ ቀርቶ!

በፍሪዘሮቹ ውስጥ ያለው የዓሣ ነባሪ ቆዳ ነው፤ እያንዳንዱ ናሙና የጣት ጫፍ ቢያህል ነው። ትልቁ ፍሪዘር የያዘው አፀደ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ሌሎች ሰዎች ከደቡብ ዋልታ ባሕር ያመጡትን ነው። እነዚያ እንስሳት ዛሬ የሉም። በትንሹ ፍሪዘር ያለው ግን የራሷ ነው። ሦስት ክረምት በሰሜን ዋልታ፣ በረዶ በሚንሳፈፍበት ውሃ ላይ፣ በጀልባ ጠርዝ ተንጠልጥላ እያስመለሳት፣ ጫፉ ቆዳ ቆንጥሮ በሚመለስ ቀስት አንድ በአንድ ያመጣችው። በዲቪ መጥታ፣ ዴ ሞይን በምትባል የሲያትል ዳርቻ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ኤርፖርት አውሮፕላን እየጠረገች የተማረችው ለዚህ ነው። ዶክትሬቷም እዚያች ትንሽ ፍሪዘር ውስጥ ነው ያለው።

ቆዳው ከቀለጠ ውስጡ ያለው ዲኤንኤ ይበጣጠሳል። የእሷ ሥራ ደግሞ ያልተበጣጠሰውን ይፈልጋል።

ጥግ ላይ አንድ ሳጥን ደረቅ በረዶ ተርፏል፤ ያ ሲነኩት እንደ እሳት የሚያቃጥለው፣ የሚጨስ በረዶ ነው። ለሁለት ፍሪዘር አይበቃም። አካፍላ ብታደርገው ሁለቱም ይቀልጣሉ። አፀደ ሳጥኑን ታቅፋ ቆመች። እጇ ወደ ትንሹ ሄደ፤ ሰው ናትና የማን እጅ አይሄድም! መለሰችው።

«እኔ ተመልሼ መሄድ እችላለሁ» አለች ጮክ ብላ፣ የሚሰማት ሳይኖር። «እነዚህኞቹ ግን ሞተዋል።»

በረዶውን በሙሉ ትልቁ ፍሪዘር ውስጥ ገለበጠችው። የትንሹን በር በፕላስተር አሽጋ ካፖርቷን ደረበችበት። ከዚያ እትዬ ባየሽ ጋ ደወለች።

እትዬ ባየሽ ከሲያትል በስተደቡብ፣ ፌደራል ዌይ የምትኖር፣ ቤት ለቤት አረጋውያን የምትንከባከብ ሴት ናት። ከዚያ በላይ ግን የእድሩ ለፋፊ ናት። አገር ቤት ጥሩምባ የሚነፋው ሰው የሚሠራውን እሷ በስልኳ ትሠራዋለች፤ ለእሷ የተነገረ ነገር በስተሰሜን ኤቨረት ከተማ ለመድረስ ሻይ እስኪፈላ አይፈጅበትም።

«እትዬ ባየሽ፣ በረዶ እፈልጋለሁ። ብዙ በረዶ! ሾፌሩ ፍስሐም ማቀዝቀዣ ያለውን ትራኩን ይዞ ይምጣልኝ። ሥራ ቦታዬ ነኝ።»

«በረዶ? ለምኑ ነው የኔ ልጅ?»

«ስልኬ ሊዘጋ ነው። ብቻ ሳይበላሽብኝ ቶሎ ድረሱልኝ!»

«ወይኔ! ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም!» አለችና ስልኩ ጠፋ።

እንግዲህ ይህን ያለችው ለፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ማንም አልሞተም ማለት ማንም አልሞተም ማለት ነበር። እኛ ዘንድ ግን መርዶ በስልክ አይነገርም። ለቤተ ዘመድ «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» እየተባለ ይቆይና ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳል። ስለዚህ ማንም አልሞተም ከተባለ፣ ያውም በዚያ ድምፅ፣ ሰው ሞቷል። በረዶ ተፈለገ። ማቀዝቀዣ ያለው ትራክ ተፈለገ። ሳይበላሽ ተባለ! እትዬ ባየሽ ደረቷን መታች። አፀደ እዚህ አገር ያላት ሥጋ ወንድሟ ናኦድ ብቻ ነው፤ ኤቨረት አውሮፕላን ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ደወለችለት፤ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ ዝግ። አለቀ በቃ። በእድሩ ግሩፕ ላይ «ናኦድ አርፏል፤ እህቱ ሥራ ቦታዋ ብቻዋን ሬሳ ይዛ ተቀምጣለችና በረዶ ይዛችሁ ድረሱ» ብላ ለቀቀችው።

ዕለቱ እሁድ ነው፤ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ገና ግቢው ውስጥ ቆሟል። ነጠላ ለብሷል፣ መኪናም ይዟል። በመንገዱ ዳር ባለ ሱቅ ሁሉ በረዶ የሚባል አልቀረም።

አፀደ ጩኸት ሰምታ ስትወጣ ፓርኪንጉ በመኪና ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ወንድሜ ናኦድ! አንድ ፍሬ ልጅ!» እያሉ ይመጣሉ። ፍስሐ ያን የሚያህል ትራክ በኋላ ማርሽ እያስገባ ያለቅሳል። አፀደ ክው አለች። ለካ መርዶ ሊነግሯት ነው የመጡት!

«ናኦድ ምን ሆነ? ወንድሜን ምን አገኘብኝ?» ብላ እሷም እሪ አለች።

ያኔ ነው ግራ መጋባቱ የመጣው። ለቀስተኛው ከሟች ቤተሰብ፣ የሟች ቤተሰብ ከለቀስተኛው ወሬ ይጠብቃል። በመጨረሻ የእትዬ ባየሽ ስልክ ጮኸ፤ ሟቹ ነበር።

«ምንድን ነው ሚስድ ኮል በሚስድ ኮል ያደረጋችሁኝ? ተኝቼ ነው'ኮ!»

እትዬ ባየሽ ስልኩን ጥላ «ተመስገን!» ብላ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች። ሰዉ ሳቀ፣ አለቀሰ፣ ተቃቀፈ። አንድ ሰው ግን አልሳቀም። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ይርጉ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ አፀደ መጡ።

«ታዲያ በረዶው ለማን ነው?»

«ለዓሣ ነባሪ ነው፣ ጋሼ።»

«ለ... ምን?»

ነገረቻቸው። ጋሽ ይርጉ ፊታቸው ጠቆረ። «ሰው በቁሙ አስለቅሰሽ፣ ለዓሣ! እድር ለሞት ነው የሚወጣው፣ ደንብ አለው። በሉ ወደየቤታችሁ!» ብለው ዘወር አሉ። ሰዉም መንቀሳቀስ ጀመረ።

አፀደ ሮጣ ከፊታቸው ቆመች። ሽማግሌ መንገድ ላይ ማቆም ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ቆመች።

«ጋሽ ይርጉ፣ አምና የዚያን ሁሉ ሰው ድግስ ለምን አስቀሩት?»

«የትኛውን?»

«የቤላቪዎቹን ሙሽሮች።»

«ስድስተኛ ቤት ላይ ተገናኙብኛ! ሰባት ቤት ሳይሞላ ዘመዳሞች ላጋባ ኖሯል?»

«ዓሣ ነባሪዎቹም ያው ናቸው። አዳኝ ፈጅቷቸው የተረፉት ጥቂት ናቸው። ቤት አልቆባቸዋል፤ የሚጋቡት ከማን ጋር ነው? የአጎት ልጅ ከአጎት ልጅ ሲወልድ ደማቸው ይደክማል፣ አንድ በሽታ ቢገባ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። እዚህ ፍሪዘር ውስጥ ያሉት የድሮዎቹ ቤቶች ናቸው። ስንት ቤት እንደነበር፣ የትኛው እንደጠፋ፣ ከቀሩት ማን ለማን ባዳ እንደሆነ የምናውቀው በእነሱ ነው። በዚያ ነው እዚህ ባሕር አትግቡ፣ ይህን መንጋ አትንኩ የምንለው። ዛሬ ከቀለጡ ግን የሚቆጥርላቸው የለም።»

ጋሽ ይርጉ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መቱ።

«ሽማግሌ የላቸውም በይኛ።»

«የላቸውም፣ ጋሼ። እኛ ነን።»

አፀደ ከመንገዳቸው አልወጣችም፤ ሽማግሌው ሊገፏት ይችሉ ነበር። ይልቅ ዘወር ብለው ፍስሐን ጠሩት። «ያ መኪናህ ይበርዳል?»

«ጠዋት የአላስካ ዓሣ አራግፌ ነው የመጣሁት፣ ባዶ ነው። እስከ መጨረሻው ዝቅ አደርገዋለሁ። ግን ስፖኬን ከተማ የምጭነው ሎድ ይጠብቀኛል...»

«ስፖኬን ይጠብቅ!»

ከላቦራቶሪው በር እስከ ትራኩ ሰው ተሰለፈ። ሳጥኖቹ ከብርዳቸው የተነሳ እጅ ላይ ይጣበቃሉ፤ ጓንት ለሁሉም አልበቃ ሲል እናቶች እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ተቀበሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ንዋየ ቅድሳት እንደሚይዙት አድርገው ነው የያዟቸው። አፀደ ቴርሞሜትሯን ይዛ ከፊት ከኋላ ትሯሯጣለች። «አታቁሙ! ቀስ ብላችሁ! ክዳኑን እንዳትከፍቱ!» ትላለች፤ ሽማግሌ የለ፣ ቄስ የለ፣ ሁሉንም ታዛለች፣ ሁሉም ይታዘዛል። የተረፈውን ደረቅ በረዶ ከሳጥኖቹ መሃል ጠቀጠቀች፤ ሰዉ የገዛውን በረዶ ዙሪያውን ከመረችው። የመጨረሻው ሳጥን ገብቶ የትራኩ በር ሲዘጋ ቴርሞሜትሩን አየች። አንድም አልቀለጠም። ደቡቦቹ ተርፈዋል።

«ያቺስ?» አለች እትዬ ባየሽ፣ ካፖርት የለበሰችውን ትንሽ ፍሪዘር እያየች።

አፀደ ፕላስተሩን ላጠችና ከፈተችው። ውሃ ጫማዋ ላይ ወረደ። አንዱን ብልቃጥ አውጥታ ወደ ብርሃን አነሳችው፤ ቆዳው ለስልሶ ተኝቷል። ሌላውን አየች። ሌላውን። ጠዋት ገና በረዶውን ትልቁ ውስጥ ስትገለብጥ ታውቀው ነበር፤ ማወቅና ማየት ግን ለየቅል ናቸው።

«የኔ ናቸው» አለች። «በረዶው ለአንዱ ብቻ ነበር የሚበቃው።»

ጋሽ ይርጉ ወደ ፓርኪንጉ ተመለሱ። አፀደ አየቻቸው፤ አሁንስ ሊሄዱ ነው አለች በልቧ። እሳቸው ግን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

«እድር የሚወጣው ለሞት ነው ብያለሁ» አሉ ለሁሉም እንዲሰማ። «ሞት አለ። ተቀመጡ።»

ሰዉ ተቀመጠ። ከየመኪናው ለናኦድ ተብሎ የመጣው ንፍሮ ወጣ። አንድ በአንድ ወደ አፀደ እየመጡ «እግዜር ያጽናሽ» አሏት። መጀመሪያ ልትስቅ ነበር፤ ሦስተኛው ሰው ላይ ስትደርስ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከኤቨረት በርሮ የመጣው ናኦድ አቅፏት የእነዚያን ሦስት ክረምቶች ለቅሶ አለቀሰችው፤ ድምፅ አውጥታ፣ ሳታፍር። እትዬ ባየሽም አብራ አለቀሰች፤ አስቀድማ ጀምራው ነበርና አልከበዳትም።

ሲበቃት ፊቷን በነጠላ ጠረገች፣ አንድ እፍኝ ንፍሮ ቃመች።

«የሰው ሐዘን ሦስት ቀን ነው» አሉ ጋሽ ይርጉ። «የዓሣ ነባሪስ ስንት ትፈልጊያለሽ? እንቀመጣለን።»

«ዛሬ ይበቃዋል፣ ጋሼ። ሐምሌ ላይ የባሕሩ በረዶ ይከፈታል፤ እመለሳለሁ።»

«እዚያው ባሕር?»

«እዚያው።»

ተነስታ ገባች። ትንሹን ፍሪዘር በደረቅ ጨርቅ ወለወለችው፤ መብራቱ ሲመጣ ባዶውን እንዳይጮህ ሶኬቱን ነቅላ በሩን ከፍታ ተወችው። ከዚያ አዲስ ባዶ ብልቃጦች ከካርቶን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና በመጀመሪያው ላይ የሚመጣውን ክረምት ዓመት ጻፈችበት።