የሙሽራው መኪና

ካገባ ስንትና ስንት ዓመቱ ነው፤ የሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ሰዎች ግን ዛሬም «ሙሽራው» ይሉታል። ቀልዱ ከአፋቸው አልወጣ ሲል እሱም አቤት ማለት ለመደ። የሚኖረው ከሥራ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። የሥራ ቤቱ ባለቤት አማቱ ናቸው፤ ሲፈልጉት ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ያንኳኳሉ፤ እሱም የጎረሰውን ሳይውጥ ይነሳል። ቀኑን ሙሉ የወንበር እግር ሲልግ ይውላል። ጥሎ መሄድ አስቦ ያውቃል። ግን እናትና አባቱን ያጣ ጊዜ ሰብስበው ያሳደጉት፣ ሙያውን ያስያዙት፣ በኋላም ልጃቸውን የሰጡት እኚሁ ሰው ናቸው። በየትኛው አፉ «ልሄድ ነው» ይበላቸው?

በሰፈሩ አዳራሽ የትንንሽ ሞዴል መኪኖች ውድድር እንዳለ ሲሰማ ግን ውስጡ ተነሳሳ። ሞተር የለም፤ መኪኖቹ ከተዳፋት ሳንቃ ላይ ይለቀቃሉ፣ ቀድማ የደረሰች አሸነፈች።

ከትርፍራፊ ጥድ አንዱን ቁራጭ መርጦ ጀመረ። አፍንጫዋን ዝቅ፣ ጀርባዋን ክብ አደረገ። ሚስቱ ከስፌት ሳጥኗ ቀጫጭን ክር ቆርጣ ሰጠችው። ነፋሱ እንዴት እንደሚያልፍባት ለማየት ክሮቹን መኪናዋ ላይ በሙጫ ነካ ነካ አድርጎ ለጠፈና ቫርኒሽ የሚያደርቁበት ቬንትሌተር ፊት አቆማት። የፊቶቹ ክሮች ልጥፍ አሉ፤ የኋላዎቹ እንደ እብድ ይወራጫሉ።

«ምን ሆነው ነው?» አለችው ሚስቱ።

«ነፋሱ ጭራዋ ጋ ሲደርስ መውጫ አጥቶ ይሽከረከራል። እሱ ነው ወደ ኋላ የሚጎትታት።»

ይህን ብሎ ብርጭቆ ወረቀቱን አነሳ።

ጭራዋን ሲያስረዝም፣ ሲያቀጥን፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ከረመ። አንድ እሁድ ከሰዓት ክሮቹ ሁሉ ጸጥ ብለው ተኙ። ያን ዕለት ደረቱ ቀለል አለው።

ውድድሩ ላይ የደረሰባት የለም። አማቱ ከፊት ወንበር ተነስተው ላወቁትም ላላወቁትም «ልጄ ነው» ሲሉ ዋሉ። በማግስቱ አስጠሩት። መኪናዋ ጠረጴዛቸው ላይ ናት። ሱቆች ስለጠየቁ ከእንግዲህ ከወንበር እግሩ ጎን ይህችንም በብዛት እንደሚያወጣ ነገሩት። ጭራዋ ጊዜ ስለሚበላ በመጋዝ ባንዴ ቁርጥ ትደረግ አሉ።

ትንፋሽ የሚያገኝባት ይህች መኪና ብቻ ነበረች። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ አላቸው።

«አባባ፣ ይቺን አልሠራም። ይቺ የራሴ ናት።»

ቢቆጡ፣ ውለታቸውን ቢቆጥሩበት፣ በዚያው በር ወጥቶ ይሄድ ነበር። ሽማግሌው ግን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«እሺ ልጄ። እኔው እሞክራታለሁ» ብለው መነጽራቸውን ፈለጉ።

እስከ ምሳ ሰዓት ጀርባውን ሰጥቷቸው የወንበር እግር ላገ። ከኋላው የመላጊያው ድምፅ ይቆራረጣል፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። ዞር ቢል አንዱ ጥድ ከመሃል ተሰንጥቋል፣ ሌላው ተቦጫጭሯል። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሌላ እንጨት እያሰናዱ ነው። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች። የምታየው እሱን እንጂ አባቷን አይደለም።

የያዘውን የወንበር እግር አስቀምጦ ወደ ሽማግሌው ሄደ።

«ይስጡኝ፣ አባባ» አለና መላጊያውን ከእጃቸው ወሰደ።

ሽማግሌው መረቁት፤ ወንበር ስበውም አጠገቡ ተቀመጡ። እሱ እንጨቱን ሲያገላብጥ ቆየና መጋዙን አነሳ። ጭራዋንም እንደተባለው ቆረጣት።