ሰባተኛው ማንኪያ

ሲኒት ጣሊያን አገር ጋሽ ሰርጆን መንከባከብ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው የአዲስ አበባ ሰው፤ እሳቸው ደግሞ ኩሩ ሽማግሌ ናቸው። ዘንድሮ እጃቸው መንቀጥቀጥ ያዘና ሾርባው ከአፋቸው ይልቅ ሸሚዛቸውን ያጠግብ ጀመር። ሲያጎርሷቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ልጃቸው ፓኦላ ቢጨንቃት፣ እስከ እሁድ ራሳቸው መብላት ካልቻሉ ካዛ ዲ ሪፖዞ፣ ማለት የአረጋውያን መኖሪያ እንደምታስገባቸው ቁርጡን ተናገረች።

ሲኒት እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። እዚያው በሚኖሩበት ሰፈር፣ ቶር ፒኛታራ፣ ፕላስቲክ እያቀለጠ የታዘዘውን ዕቃ የሚያትም ማሽን ያለበት የሰፈር ወርክሾፕ አለ። ባለቤቱ ፊሊፖ መከራት፦ እንከን የሌለው ነገር አስቦ ከመጠበቅ፣ ናሙናውን ቶሎ አትሞ፣ ተጠቃሚው ሲነቅፈው ማረም ይሻላል።

ሰኞ እጀታው የወፈረ ማንኪያ ይዛ መጣች። ጋሽ ሰርጆ አገላብጠው አዩና "ግሩም ነው፣ እጅሽ ይባረክ" አሉ። ማክሰኞም ግሩም፣ ረቡዕም ግሩም። ሾርባው ግን መፍሰሱን አልተወም። ሐሙስ አራተኛውንም አምስተኛውንም ሲመርቁ ገባት፤ እንዳትቀየማቸው ይዋሻሉ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፣ አፍ ዘግቶ ካዛ ዲ ሪፖዞ ያደርሳል። ተናደደች፤ ተስፋ ግን አልቆረጠችም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ዓርብ ስድስተኛውን አቀረበችና በተራዋ ዋሸች። የሠራው አንድ የማታውቀው ጣሊያናዊ ተማሪ መሆኑን ነገረቻቸው።

"አሎራ፣ እንግዲህ" አሉ ጋሽ ሰርጆ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፤ "ይህ ልጅ ሾርባ በልቶ አያውቅም? ጥልቀት የለውም። አንገቱ ወደ አፍ መታጠፍ ነበረበት። እጀታውም ሲበዛ ቀላል ነው፣ እጄን አያሳርፍልኝም።"

ሲኒት ደስታዋን ደብቃ ጻፈች። ቅዳሜ ሰባተኛው ታተመ፤ ጎድጓዳ፣ አንገቱ የታጠፈ፣ እጀታው ውስጥ የብሎን ፍሬ ታሽጎበት የከበደ።

እሁድ ፓኦላ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሽማግሌው ቀስ እያሉ ሳህኑን ጨረሱ። ሸሚዛቸው ንጹሕ ነበር። ፓኦላ ስለ ካዛ ዲ ሪፖዞ ቃል አልተነፈሰችም፤ አለቀሰች።

ሲኒትን ውሸቷ አላስቀምጥ አላት።

"ጋሽ ሰርጆ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ተማሪው እኔ ነኝ።"

ሊመርቋት አፋቸውን ከፈት አደረጉና ተዉት። ማንኪያውን በጣታቸው ዳሰሱት።

"እንግዲያው ልንገርሽ" አሉ፤ "ጫፉ ከንፈር ይቧጭራል።"

ከሳምንቱ ምርቃት ሁሉ ይህች ነቀፋ በለጠችባት። ሲኒት እየሳቀች ብርጭቆ ወረቀት ፍለጋ መሳቢያውን ከፈተች።