እንዝርት እና የቄራው በር

እንዝርት የተባለችው መቆም ስለማታውቅ ነው። ስሙን ያወጡላት በግ አርቢ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌው ሞተው መንጋቸው ተሸጦ ሲያልቅ፣ ማንም የማይፈልገው አንድ ነገር ቀረ፤ ውሻዋ። የእህታቸው ልጅ ከተዝካራቸው ሲመለስ ገመዷን ይዞ ቤቱ ገባ።

«ለአንድ ሳምንት ነው» አለ ለሚስቱ።

ሚስቱ ለውሻዋ ውኃ መያዣ ፈለገች። እናቱም «ለአንድ ሳምንት» ብለው መጥተው አራት ዓመት ስለከረሙ፣ የዚህን ቤት ሳምንት ርዝመት ታውቀዋለች።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ግቢው ከአከራይቱ ጋር የጋራ። ከንጋት እስከ ማታ ተራራ ለተራራ ስትሮጥ ለኖረች ውሻ ያ ግቢ የእስር ቤት ያህል ነበር። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ እንዝርትም ያገኘችውን ሁሉ መንጋ አደረገችው። የአከራይቱን ዶሮዎች ከልብስ ማጠቢያው ሥር አጉራ ታሳድራለች። የቤቱን ነጠላ ጫማ በሙሉ ለቅማ አንድ ቦታ ትከምራለች። የስድስት ዓመት ልጃቸውን እየዞረች እየዞረች ከግድግዳ ታስጠጋታለች፤ ልጅቷ በሳቅ ትሞታለች። ሰውየው ጠዋትና ማታ ይዟት ይሮጣል። እሱ ጉልበቱ ሲከዳው እሷ ገና መሟሟቋ ነው።

አከራይቱ ግን አልሳቁም። «ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል አቆሙ። ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እናንተ ውጡ» አሉ።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ አንድ ነገር አድርግ እንጂ!» አለች ሚስቱ።

አደረገ። ያደረገውም ነገር ያን ጊዜ ትልቅ ብልህነት መስሎት ነበር። ሰውየው ቄራ ውስጥ በግ ነጂ ነው፤ ከበረት ያወጣቸውን በጎች በጠባቡ መተላለፊያ አስኪዶ ወደ ማረጃው አዳራሽ በብረት በር ያስገባል። ውሻዋን ሥራ ቦታ ይዟት ሄደ።

መጀመሪያ ቀን ሁሉም ሥራውን ጥሎ አያት። ሦስት ሰው ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኾ የሚነዳቸውን አርባ በጎች፣ እሷ አንዴም ሳትጮኽ፣ ደረቷን ከመሬት አስጠግታ በዐይኗ ብቻ ይዛ አስገባቻቸው። ኃላፊው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ከናንተ ከሦስታችሁ እሷ ትሻላለች!» አለ። ማታ እንዝርት ውኃዋን ጠጥታ በሩ ሥር ተዘረጋች፣ እስኪነጋም አልተንቀሳቀሰችም። ዶሮዎቹ ሰላም አገኙ። ሰውየውም ሦስት ሳምንት ሙሉ ላገኘው ሁሉ ስለ ውሻዋ ሲያወራ ከረመ።

የረሳው ነገር ቢኖር የበግ ውሻ ሥራ ሁለት ወገን መሆኑን ነው። ያወጣችውን ትመልሳለች፤ ጠዋት የሸኘችውን ማታ ትሰበስባለች። እሱ ዘጠኝ ዓመት በዚያ የብረት በር በግ ሲያስገባ ኖሮ፣ በሩ መመለሻ እንደሌለው ማሰብ ከተወ ቆይቷል። እንዝርት ግን ሥራ ባለቀ ቁጥር ሕንፃውን ዞራ ከኋላ ትሄድና፣ ሥጋው መኪና ላይ ከሚጫንበት ቦታ ተኝታ ትጠብቃለች። በገመድ ጎትቶ ካልወሰዳት አትነሳም።

«ይቺ ውሻ እኮ እየፈለገቻቸው ነው» አሉት አንድ ቀን ቢላ የሚስሉት ሽማግሌ። «እኔና አንተስ ለምደነዋል።»

«ምን እሷ ጋሼ፣ የሥጋው ሽታ ነው የያዛት» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቁ ዛሬም ድረስ ያንገበግበዋል።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት፣ የብረቱ በር ሲከፈት እንዝርት በጎቹን ቀድማ ሮጠች። በሩ አፍ ላይ ስትደርስ ዞረችና ፊቷን ወደ በጎቹ አድርጋ ቆመች። ከዚያ መለሰቻቸው። አርባ በግ በጠባቡ መተላለፊያ አንዱ በአንዱ ላይ ተገለበጠ፤ ሁለቱ ተረጋግጠው ሞቱ። ኃላፊው የዚያን ቀን አልሳቀም። «ሁለተኛ እዚህ እንዳላያት» አለ።

ነገሩ ግን እዚያ አልቀረም። እንዝርት በር የሚባል ነገር ጠላች። ማንም ሰው ወደ በር ሲሄድ ቀድማ ትጋደምበታለች፤ አልፋለሁ ያለውን ልብሱን ይዛ ወደ ኋላ ትጎትታለች። ሐሙስ ጠዋት ልጅቷ ትምህርት ቤት ረፍዶባት ልትዘላት ስትል ባቷን ያዘቻት። አራት ቦታ ተሰፋች።

«እንዳትመታት አባዬ» አለች ልጅቷ እያለቀሰች። «አትሂጂ ነው እኮ ያለችኝ።»

ሰውየው በግ ያለውን ሰው ሁሉ አዳረሰ። ልጅ የነከሰ ውሻ ማን ይወስዳል? የሟቹ አጎቱ ጎረቤቶች እንኳ፣ ከቡችላነቷ ጀምሮ የሚያውቋት፣ «እኛም ልጆች አሉን» ብለው መለሱት። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «ክፉ ሆኜ አይደለም። ነገ ፊቷን ብትይዛትስ? ምን ልንል ነው?» አለችው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በመርፌ ሊያስገድላት ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወሰዳት። እሷ ለሥራ የሚሄዱ መስሏት መንገዱን ሁሉ ጅራቷን እየቆላች ከፊቱ ከፊቱ ትሮጣለች። የክሊኒኩ በር ጋ ሲደርሱ ቀጥ ብላ ቆመች።

ዙሪያውን አየ፤ ሰው የለም። ገመዱን ከአንገቷ ፈታው። ጠፋችብኝ ብሎ ቤቱ ሊገባ ቆርጦ ነበር። «ሂጂ» አላት። «ሂጂልኝ በናትሽ፣ አምልጪ!»

መንገዱ ክፍት ነው። እንዝርት አልሄደችም። አንዴ ዞረችውና በእሱና በበሩ መሃል ገባች፤ ደረቷን መሬት አስነክታ ዐይኗን ዐይኑ ላይ ተከለች። አንድ እርምጃ ሲራመድ የሱሪውን ጫፍ ያዘች። ሥጋውን አልነካችውም። ጨርቁን ብቻ ነክሳ ወደ መንገዱ፣ ወደ ኋላ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ትስበው ጀመር።

ሐኪሟ ድምፅ ሰምታ በሩን ከፈተች። «ፈርታ ነው አይደል? ሁሉም በር ላይ ሲደርሱ ይፈራሉ» አለች።

«ለራሷ አልፈራችም» አለ ሰውየው። «እኔን ነው እንዳልገባ የምትመልሰኝ።»

ሐኪሟ በሩን አስፍታ ያዘችለት። እሱ ጎንበስ ብሎ ውሻዋን አቀፋት። በሩን አልፎ እስኪገባ ድረስ እንዝርት እጅጌውን በጥርሷ ይዛ ወደ ውጭ ትጎትተው ነበር።